ስድስቱ ስልኮችና የሙዚቃ ጌም

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር እዚህ ቆሜ የተናገርኩት በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ጸሐፊያችን ቃል በቃል ስለጻፈችው ልክደው አልችልም። አሜሪካ ያሉት እህቶቻችን የላኩልን ስድስት ያገለገሉ ስልኮች ምን ይደረጉ ሲባል፣ "ይሸጡና ገንዘቡ ወደ ተዘዋዋሪ ብድሩ ይግባ፤ ማህበራችን ለጌም የሚሆን ንብረት የለውም" ያልኩት እኔ ነኝ። የቅዳሜውን የልጆች ክፍል የምትመራው እህታችን "ሙዚቃ የሚያሠሩ ጌሞች አሉ፤ ልጆቹ ይማሩባቸዋል" አለች። እኔም "ይማሩባቸዋል ማለት ስንት ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። ሳቃችሁብኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ነው፤ ግን አሁንም ደግ ጥያቄ ይመስለኛል። ኮሚቴው "እንግዲያው አንቺው አጥንተሽ አምጪ" ብሎ ፈረደብኝ፤ ይኸው አንድ ወር አጥንቼ መጣሁ።

ከሙዚቃ ጋር ዝምድና የለኝም። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው፤ በዲፕሎማ ተመርቄ የምሠራውም እሱኑ ነው። ስለዚህ የጀመርኩት ከማውቀው፣ ማለትም ከቤቴ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስልኬ ላይ የምትጫወተው ጌም አላት። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ስክሪኑ በአራት መስመር ይከፈላል፤ ጥቁር ሳጥኖች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሳጥኑ ሳያልፍ መንካት ነው። በነካሽ ቁጥር አንድ የፒያኖ ድምፅ ይወጣል፤ ሳጥኖቹን ሳትስቺ ከተከተልሽ ዘፈኑ ሙሉ ሆኖ ይሰማል። ዓይነቱን በዓለም ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው "ፒያኖ ታይልስ" ነው፤ የሠራው አንድ ቻይናዊ ነው። ዛሬ ልጆቻችን እጅ ላይ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ማጂክ ታይልስ" የሚባለው ነው፤ ይህኛው ቬትናም፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ ካለ አማኖትስ ከሚባል ኩባንያ የመጣ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ልጄን ከመቆጣቴ በፊት እኔም ተጫውቼዋለሁ። የሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ቁጥሩ አልገጥም ሲለኝ ስልኩን አነሳና አንድ ዙር እጫወታለሁ። ጥሩ ነው፤ ጭንቅላት ያሳርፋል። እጅና ዓይን አብረው እንዲሄዱ ያደርጋል፤ ምት መጠበቅም ያስለምዳል። ልጄ ስልኩን ስነጥቃት ጠረጴዛውን በጣቶቿ ትመታለች፤ ምቷ ልክ ነው፣ አንዲት አትስትም። "ልጄ ፒያኖ ተማረች" ብዬ ደስ ያለኝ ጊዜ ነበር።

ጥናቱ ሲጀመር ግን አንድ ፈተና ሰጠኋት። ተራ የፒያኖ ቁልፎችን ብቻ የሚያሳይ፣ ሳጥን የማይወርድበት ነፃ አፕ አወረድኩ። ያንን መቶ ጊዜ የተጫወተችውን ዘፈን፣ ዓይኗን ጨፍና ጠረጴዛ ላይ የምትመታውን፣ "በይ አሁን እዚህ ላይ ተጫወቺው" አልኳት። አልቻለችም። አንድ መስመር እንኳ። ምቱ አለ፣ ድምፁ የለም። አንዱን ቁልፍ ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ የተበላሸ ነገር ወጣ። ሦስት ጊዜ ሞክራ ስልኩን ገፋችና አለቀሰች። "ተበላሽቷል" አለችኝ።

ያልተበላሸ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ቀን ወሰደብኝ። በሳጥኑ ጌም ላይ ሳጥኑ በቀኝ ወረደ፣ በግራ ወረደ፣ ከድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ጋር ግንኙነት የለውም። ቀጭኑም ድምፅ ወፍራሙም በአራቱም መስመር ሊመጣ ይችላል። ዘፈኑ አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ልጅቷ ያደረገችው በር እንደሚከፍት ዘበኛ "ይግባ" ማለት ብቻ ነው። መቶ ጊዜ በሩን ከፍታለች፤ የገባው ማን እንደሆነ አላየችም። ይህን ስረዳ በልጄ አዘንኩ፣ በራሴም።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ጌሙ ነፃ ነው ይባላል። እኔ "ነፃ" የሚለውን ቃል ሳይ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መፈለግ ልማዴ ነው። የስልኬን ቅንብር ከፍቼ እያንዳንዱ አፕ ስንት ዳታ እንደበላ ተመለከትኩ፤ ስልኩ ራሱ መዝግቦ ይይዛል፣ እናንተም ዛሬ ማታ ማየት ትችላላችሁ። ያ ጌም በ11 ቀን ውስጥ 610 ሜጋባይት በልቷል። ዘፈኖቹ ሲወርዱ የሚወስዱት ትንሽ ነው። ዳታውን የሚጨርሰው በየዙሩ መሃል የሚመጣው የቪዲዮ ማስታወቂያ ነው። ልጅቷ ስታ ስትወድቅ "ማስታወቂያ ካየሽ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ" ይላታል፤ ታያለች። ኩባንያው ገንዘቡን የሚያገኘው ከአስተዋዋቂው ነው፤ ማስታወቂያው የሚመጣበትን ፓኬጅ የሞላሁት ግን እኔ ነኝ። በሒሳብ ቋንቋ፣ ገቢው የእነሱ ወጪው የእኔ ነው። ዳታውን አጥፍቼ ስሞክረው የወረዱት ዘፈኖች ያለ ማስታወቂያ ሠሩ። እንግዲህ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ የመጣችሁበት ታክሲ አልከሰረም።

እዚህ ላይ ላቆም አስቤ ነበር። "ይሸጡ" የሚለው አቋሜ ጸንቷል፣ ማስረጃም አግኝቷል። ያበላሸብኝ እናቴ ናት።

እናቴን ታውቋታላችሁ፤ ይቺውና ከኋላ ተቀምጣለች። ልናገር ብዬ አስፈቅጃታለሁ፣ ፈቅዳልኛለች፤ አሁን ግን እየገላመጠችኝ ነው።

ልጄ ባለቀሰች በሦስተኛው ቀን፣ ኪቦርድ የሚጫወት የጎረቤታችን ልጅ ሊጠይቀን መጣና ታሪኩን ነገርኩት። ሳቀና ስልኩን ተቀብሎ "ጥቁሮቹን ብቻ ንኪ" አላት። በፒያኖ ላይ ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተቧድነው ነው የሚቀመጡት። ሦስት ከሆኑት መካከል በስተግራ ካለው ተነስታችሁ፣ ነጮቹን ሳትነኩ ወደ ቀኝ ብትሄዱ አምስት ድምፅ ታገኛላችሁ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያው ራሱ ቀጥኖ ሲመለስ ነው። ያ የትዝታ ቅኝት ነው። ትዝታ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ሜጀር የሚባለው ማለቴ ነው። ልጁ ይህን ነግሯት ሄደ። ልጄም ጥቁር ጥቁሩን መንካት ጀመረች። ምንም ብትነካ አይጎረብጥም፤ አምስቱ ድምፆች ተስማምተው የሚኖሩ ናቸው።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። "ቆይ" አለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና ከልጄ ጎን ተቀመጠች። "ከዚያችኛዋ ጀምሪ። አይ፣ ተመለሽ። አሁን ሁለቴ።" ከዚያ ስልኩን ወሰደችና በአንድ ጣቷ፣ ቁርጥማት በያዘው ጣቷ፣ እየፈለገች እየሳተች አንድ ዜማ አወጣች። አፏም አብሮ ያዜማል። እኔ በሠላሳ ስንት ዓመቴ እናቴ ስታንጎራጉር እንጂ የሙዚቃ መሣሪያ ስትነካ አይቼ አላውቅም። እኛ ቤት የነበረው የሙዚቃ መሣሪያ ሬዲዮ ነው።

"ከየት አወቅሽው?" አልኳት።

እናቴ ያደገችው ወሎ ነው። ታላቅ ወንድሟ ክራር ነበረው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። እሱ ሥራ ሲወጣ አውርዳ ትነካው ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ደረሰባት። አልመታትም። "ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው?" ብሎ ክራሩን ከግድግዳው አውርዶ ለሰው ሰጠው። ወንድሟ አኩርፎ ከርሞ ረሳው። እሷም ረስታው ነበር፣ ወይም የረሳችው መስሏት ነበር። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ ነው።

የአያቴን ስም ላጠፋ አይደለም። የዘመኑ ሰው ነው፤ አዝማሪን በሠርጉ ጠርቶ የሚያስጨፍር፣ ልጁ አዝማሪ እንዳትሆን ግን የሚፈራ ዘመን ነበር። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በዚያው ዘመን ትልልቅ ቤት የተወለዱ ሴቶች ሙዚቃ ሲማሩ ነውር አልነበረም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስቡ። አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላ መነኮሱ፤ የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ከሙዚቃቸው የሚገኘውንም ወላጅ አልባ ልጆችን ይረዱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ እስካረፉ ድረስ ፒያኖ ከሕይወታቸው አልወጣም። ስለ እሳቸው ሳነብ ልቤ ይሞላል። ግን ፒያኖ ያለበት ቤት ሲሆን ጨዋነት፣ ክራር ያለበት ቤት ሲሆን ነውር የሆነበትን ሒሳብ እስከ ዛሬ ማስታረቅ አልቻልኩም።

ወደ ስልኮቹ ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። "ጌም ይጠቅማል ወይ?" የሚለውን ትቼ፣ ጌሙ ልጁን ምን ያስመርጠዋል ወደሚለው ሄድኩ። ምንም የማያስመርጥ አለ፣ ሳጥኑን ከመንካት በቀር። ትንሽ የሚያስመርጥ አለ። ብዙ የሚያስመርጥም አለ። የሞከርኩትን ሁሉ አልዘረዝርም፤ አንዳንዱ ጊዜ የሚበላ ብቻ ነው።

በመካከለኛው ውስጥ የወደድኩት "ኢንክሬዲቦክስ" የሚባለውን ነው። ፈረንሳዮች ናቸው የሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢንተርኔት ጀምሮ በኋላ ወደ ሞባይል መጣ። ሰባት ሰዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። ከታች ያሉትን ምልክቶች እያነሳሽ ስታለብሻቸው ያዜማሉ፤ አንዱ ምት፣ አንዱ ዜማ፣ አንዱ በአፉ ድምፅ ያወጣል። ማንን ዝም እንደምታሰኚ፣ ማንን እንደምታስገቢ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ዕድር ላይ ለቅሶ አስተዛዛኝ እንደመመደብ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጮኸ አይሰማም። ልጄ በሁለተኛው ቀን "ይሄኛው ዝም ሲል ነው የሚያምረው" አለችኝ። በሳጥኑ ጌም አንድም ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ማስታወቂያ የለውም፤ ግን ሲወርድ ይከፈልበታል፣ ክፍያውም በውጭ ካርድ ስለሆነ አብዛኞቻችን መክፈል አንችልም። ከስድስቱ ስልኮች በአንዱ ላይ ግን ላኪዋ እህታችን አስቀድማ ገዝታ ጭናው ነው የመጣው። እግዜር ይስጥልን፤ ስልኩን ከሰጠችን በላይ የጠቀመችን በዚህ ነው።

ብዙ ከሚያስመርጡት ውስጥ ደግሞ አንድ ሳንቲም የማይጠይቅ አለ። የጎግል "ክሮም ሚውዚክ ላብ" ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። አፕ ማውረድ አያስፈልገውም፣ በስልኩ ማሰሻ ይከፈታል፤ ስም ተመዝገቢ፣ ስልክ ቁጥር አምጪ አይልም፤ ማስታወቂያም የለውም። ከውስጡ "ሶንግ ሜከር" የሚለውን ትከፍታላችሁ። እንደ ሒሳብ መዝገብ የተሰመረ ገጽ ነው፤ ለእኔ ወዲያው የገባኝ ለዚህ ይሆናል። ወደ ጎን ጊዜ ነው፣ ወደ ላይ የድምፅ ቅጥነት ነው። አንዱን ሳጥን ስትነኩ ቀለም ይሞላል፤ መጫወቻውን ስትጫኑ የሞላችሁትን ከግራ ወደ ቀኝ ያነበዋል። ከፍ ያለው ሳጥን ቀጭን ድምፅ፣ ዝቅ ያለው ወፍራም። ያ የወራጅ ሳጥን ጌም የደበቀውን ይህ በግልጽ ያሳያል።

ማስተካከያው ውስጥ ስትገቡ የድምፁን መሰላል ምረጡ ይላል፤ ከሦስቱ ምርጫ አንዱ ባለአምስት ድምፁ ነው። እሱን ስትመርጡ ያ የጥቁሮቹ ቁልፎች ትዝታ ይመጣል። አንዱን ምት ለሦስት የሚከፍል ምርጫም አለው፤ ልጄና እናቴ በዚህ ነው እስክስታ የሚያስመታ ዓይነት ነገር ያወጡት። ሲጨርሱ ሊንክ ይሰጣችኋል፤ ሊንኩን የከፈተ ሁሉ ይሰማዋል። ልጄ ለአክስቷ ላከች። አክስቷ አንድ ሳጥን ቀይራ መለሰችላት፤ ልጄም "አበላሸችብኝ" ብላ ተቆጣች። የራሷ ባይሆን አትቆጣም ነበር።

ጉድለቱንም ልናገር። እናቴ ትዝታውን ከጠገበች በኋላ "አንቺሆዬስ?" አለች። አምባሰልንም ባቲንም ጠየቀች። በዚያ በባለአምስቱ ምርጫ አንቺሆዬና አምባሰል የሉም። ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች አምስቱን ለይቶ ማውጣት ይጠይቃል። ባቲንና አምባሰልን በጎረቤታችን ልጅ እርዳታ አገኘቻቸው። አንቺሆዬን ሳምንቱን ሙሉ ፈልጋለች፤ "ቀርቤያለሁ" ትላለች። ደግሞ የስልኩ ድምፅ በፒያኖ ልክ ተቆርጦ የተሰፈረ ነው፤ ክራር የሚመታ ሰው አውታሩን በጆሮው እየጠመዘዘ ነው የሚቃኘው። እናቴ "ይሄ ነገር ትንሽ ይቆማል፣ አይለሰልስም" የምትለው ይህን ይመስለኛል። ስልክ ክራር አይሆንም። ይህን የምለው "የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈትን" ብለን ለደጋፊዎቻችን ሪፖርት እንዳንጽፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ሲጻፍ አይቻለሁ።

አሁን ሐሳቤን ላቅርብ። ስድስቱም ይሸጡ ያልኩትን አንስቻለሁ። ሦስቱ ይሸጡና ገንዘቡ ወደ ተዘዋዋሪ ብድሩ ይግባ፤ ብድር የምትጠብቅ እህት ስላለች ይህን አልለቅም። ሦስቱ፣ ያንን የተከፈለበትን ጨምሮ፣ ለቅዳሜው የልጆች ክፍል ይቅሩ። ዳታቸው ሁልጊዜ ጠፍቶ ይሁን፤ "ሶንግ ሜከር" የሚፈልገውን ኢንተርኔት መሪዋ ከራሷ ስልክ ለአንድ ሰዓት ብቻ ትክፈት፣ የከፈተችውን መዝግባ ማህበሩ ይተካላት። ወራጅ ሳጥኑ ጌም አይጫንባቸው። ልጆቻችሁ በቤታችሁ ቢጫወቱት የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እኔም ሰኔ ሲደርስ እጫወተዋለሁ። በማህበሩ ንብረት ግን አይሁን።

ባለፈው ወር ለጠየቅኩት "ስንት ነው?" ደግሞ መለኪያ አምጥቻለሁ። በስድስት ወር ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ምንም ሳጥን ሳይወርድለት፣ ማንም ሳያሳየው፣ የሚያውቀውን አንድ ዜማ አንድ መስመር በባዶ ቁልፎች ላይ ካወጣ፣ በመዝገቤ ተምሯል ብዬ እጽፋለሁ። ካላወጣ ሦስቱም ይሸጣሉ፤ ለዚህም እጄን አወጣለሁ። ልጄ ትናንት አወጣች። እሷን በመቁጠሪያው ውስጥ አላስገባሁም፤ የራስ ልጅ ነውና ማዳላት ይሆናል።

ለደጋፊዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። እባካችሁ ተጨማሪ ስልክ አትላኩልን፤ ማዳመጫ ግን ብትልኩልን ክፍሉን ከነጫጫታው ታተርፉታላችሁ። ሌላው፣ እዚሁ አገር የሚሠራ አንድ ክራር ብንገዛስ የሚል ሐሳብ አለኝ። ዋጋውን ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቄ በሚቀጥለው ወር አቀርባለሁ። እናቴ ይህን አሁን ነው የሰማችው።

ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው። ስልኮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ሁሉም ቻርጅ አላቸው፤ ቡናው እስኪደርስ ሞክሯቸው። ጥቁሮቹን ብቻ ንኩ። አንቺሆዬን የምታውቅ ካለች ደግሞ ከኋላ በኩል ወደ እናቴ ጠጋ ትበል።